ሚጥሚጣ የተጠቀለለበት ክፍል

ኡሙልኸይር ዛሬ ዛሬ ወረቀት ሳታነብ አትጠቀልልም። ደንበኛ ክርኑን ባንኮኒው ላይ አስደግፎ ይጠብቃታል። እሷ ከታች ካለው ክምር አንድ የደብተር ገጽ ትመዛለች፤ መነጽሯን ታጠልቃለች፤ ጣቷን ከፊደል ፊደል እያራመደች ከላይ እስከ ታች ታነባለች። ወረቀቱ እንደ ቀንድ ተጠቅልሎ በርበሬ የሚሞላው ከዚያ በኋላ ነው።

«ኧረ በአላህ ኡሙ! ሽንኩርት እሳት ላይ ጥጄ ነው የመጣሁት» ትላታለች ጎረቤቷ ሀዋ።

«አንዴ ታገሺኝ። የምን ደብተር እንደሆነ ልየው።»

«የምንስ ቢሆን በርበሬው ምን ቸገረው?»

«እሱ ምን ይቸግረዋል? የሚቸግረኝ እኔን ነው።»

ታቦር ሰፈር ያለ ሰው ይህን አመሏን ለምዶታል። የቸኮለ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል፤ ጊዜ ያለው ቆሞ ያዋራታል። አመሉ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ግን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ፣ ልጇ ሙንተሃ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ወደነበረችበት ጊዜ መመለስ ያስፈልጋል።

ያን ዓመት እሁድ ከሰዓት በኋላ በሰፈሩ ኳስ የሚጫወት ልጅ አይገኝም ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ልጆቹ ሁሉ ኡሙልኸይር ሱቅ ደጃፍ ላይ የለስላሳ ሳጥን እየገለበጡ ይቀመጣሉ። ባሏ ሙባረክ ቴሌቪዥኑን ከሳሎን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ያኖረዋል። መብራት እንዳይጠፋ ክርስቲያኑም እስላሙም በየራሱ ይለምናል። ከዚያ የወፍ ድምፅ ይሰማል፤ ሐይቁ ይታያል፤ ዩኒፎርም የለበሰች አንዲት ልጅ የሚንፈራገጥ ቦርሳ አቅፋ አጥር ስትዘል ትመጣለች። በላይዋ በአረንጓዴ ጽሑፍ «የለምለም ነገር» ይላል። ኡሙልኸይር ጽሑፉን አታነበውም፤ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ሲጮኹት ግን አብራ ትጮኻለች።

የድራማዋ ለምለም ሙንተሃ ነበረች።

ድራማውን የሚሠራው የትምህርት ቤቱ የተፈጥሮ ክበብ ነው። ደራሲውም አዘጋጁም የባዮሎጂ መምህሩ አሸናፊ ነበሩ። የከተማው አንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ቅዳሜ ቅዳሜ ባለ ካሜራ ይልክላቸዋል፤ የተቀረጸው በሳምንቱ እሁድ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ይታያል። ለምለም ከሰው ይልቅ ዛፍ ማዋራት የሚቀናት ልጅ ናት። በአባቷ የዝናብ ቦት ጫማ ውስጥ አፈር ሞልታ ቲማቲም ታበቅላለች። ሐይቁ ዳር ከዓሣ ሻጮቹ አጠገብ እንደ አዛውንት ተኮሳትሮ የሚቆመውን አባ ኮዳ የሚሉትን የትልቅ ወፍ ጫጩት በደብተር ቦርሳዋ ይዛ ቤት ትገባለች።

አባቷን አቶ ጉልላትን የሚጫወተው ሔኖክ የሚባል የክፍል ጓደኛዋ ነበር። ጢሙን በከሰል ይስላል። ሲቆጣ ያልበዋል፣ ሲያልበው ጢሙ ወደ አገጩ ይወርዳል፤ ሕፃናቱ ለዚህ ብቻ መሬት ላይ ይንከባለሉ ነበር። አቶ ጉልላት በግቢያቸው ያለውን ዋርካ ቆርጠው የሚከራይ ሰርቪስ ቤት መሥራት ይፈልጋሉ። በየሳምንቱ ሊቆርጡ ይነሳሉ፤ በየሳምንቱ አንድ ነገር ያደናቅፋቸዋል። አንድ ጊዜ የተዋሱት መጥረቢያ እጀታ የለውም። አንድ ጊዜ የለኩበትን ገመድ ፍየል ትበላዋለች። አንድ ጊዜ ጉሬዛ መነጽራቸውን ነጥቆ ዛፉ ጫፍ ላይ ይወጣል። ጉሬዛውን ሐይቅ ዳር በብስኩት እየለመኑ ሲቀርጹት እንደዋሉ ሙንተሃ ስትናገር ኡሙልኸይር፣ «ነክሶሽ ቢሆንስ? ከዛፍ ወድቀሽ ቢሆንስ?» እያለች እጇንና እግሯን ታገላብጥ ነበር።

ልጇ ሐይቅ ዳር በሄደች ቁጥር እስክትመለስ መንገድ መንገዱን ታያለች። በሄደች ቁጥርም ፀጉሯ ውስጥ ቅጠል፣ ካልሲዋ ላይ ጭቃ ይዛ ስትመለስ የልጅቷ ደስታ አይጣል ነው። አሁን ሱቋ ውስጥ ብቻዋን ስትቀመጥ ይበልጥ የሚናፍቃት ያ ቅጠል ነው። ያን ጊዜ እየነቀለች የምትጥለው፣ «ይህን ሣር ቤቴ ውስጥ አታግቢብኝ» የምትልበት ቅጠል።

ሌላው የሚናፍቃት ጥናቱ ነበር።

ሙንተሃ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ሱቁ በር ላይ በርበሬ ስትቀነጥስ ታገኛታለች። ዱካ ስባ አጠገቧ ትቀመጥና የመምህር አሸናፊን ድርሰት ከዳር እስከ ዳር ጮክ ብላ ታነብላታለች። ለሁለተኛ ጊዜ ማንበብ አያስፈልግም። ኡሙልኸይር ፊደል ባታውቅም ጆሮዋ የሰማውን አይለቅም፤ በልጅነቷ ስልጢ ሳለች ሱራዎቹንም የያዘችው እንዲሁ በመስማት ነው። ከዚያ እጇ በርበሬውን ሳይተው ድምፅዋን አወፍራ አባትየውን ትሆናለች።

«ለምለም! ይህ ቦርሳሽ ለምን ይንቀሳቀሳል?»

«ደብተሮቼ ናቸው አባዬ። ፈተና ደርሶ ተጨንቀው ነው።»

«ደብተር ይጮኻል እንዴ?»

«የሒሳቡ ነው አባዬ። ሁልጊዜ ያስለቅሰናል፣ ዛሬ ተራው የእሱ ነው።»

ሀዋ አንዳንድ ቀን ከአጥሩ ወዲያ ሰምታ፣ «ሙባረክ ጉንፋን ያዘው እንዴ?» ብላ ትጠይቅ ነበር።

አንድ ቅዳሜ መምህር አሸናፊ ሙንተሃን፣ «አንቺ ብቻ ነሽ ቃል ሳትስቺ የምትመጪው። ማነው የሚያስጠናሽ?» አሏት።

«እናቴ።»

«መምህር ናት?»

ሙንተሃ ሳቀችና ወደ ጓደኞቿ ሮጠች። ቤት መጥታ ስታወራው ኡሙልኸይርም ሳቀች። ደስ አላት። ደስ ማለቷ ደግሞ አሳፈራት። ከዚያ በኋላ የክበቡ ልጆች ለስላሳ ሊጠጡ ሱቋ ሲመጡ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ አንድ አሮጌ ጋዜጣ ፊቷ ዘርግታ መቀመጥ ጀመረች።

የመጨረሻው፣ አሥራ ስምንተኛው ክፍል የተጻፈ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ማባዣ ማሽን ተበላሽቶ ነበር። መምህር አሸናፊ በእጃቸው የጻፉትን ብቸኛ ቅጂ፣ «መጀመሪያ አንቺ አጥኚ፣ ከዚያ ለሔኖክ ስጪው» ብለው ለሙንተሃ ሰጧት። በየገጹ ራስጌ እንደ ልማዳቸው በአረንጓዴ ብዕር አንዲት ቅጠል ስለዋል። እናትና ልጅ ሦስት ቀን አጠኑት። የመጨረሻዋን ገጽ ግን ሙንተሃ አላነበበችላትም።

«ይቺን ለብቻዬ ነው የማጠናት።»

«ምን አለባት?»

«መጨረሻውን ከነገርኩሽ እሁድ ምን ልታዪ ነው?»

«ዛፉን ይቆርጡታል?»

«እማ!»

ሐሙስ መጣ፤ የገበያ ቀን። ሙንተሃ ለምሳ ገብታ ወረቀቶቹን ባንኮኒው ላይ አኖረችና የማጠናከሪያ ትምህርት እንዳያመልጣት እየሮጠች ወጣች። ሙባረክ በርበሬ ሊጭን ሀላባ ሄዷል። ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሱቁን ሞላው፤ ሽሮ የሚል፣ ሚጥሚጣ የሚል፣ ጨው የሚል። የሰፈሩ ልጆች በከረሜላ የሚለውጧት አሮጌ ደብተር ከባንኮኒው ሥር እያለ፣ ኡሙልኸይር በግርግሩ ቅርቧ ያገኘችውን አነሳች። ያን ጊዜ ለእሷ የተጻፈበት ወረቀት ሁሉ አንድ ነበር።

ሀዋ የመጨረሻዋ ደንበኛ ነበረች። የተጠቀለለላትን ሚጥሚጣ ይዛ ዘወር ስትል ኡሙልኸይር ከወረቀቱ ጠርዝ ላይ አረንጓዴዋን ቅጠል አየች።

«ሀዋ! መልሺው እስቲ።»

«ምነው?»

«ወረቀቱ ቀዳዳ ነው።»

በሌላ ጠቀለለችላት። ባንኮኒውን ፈተሸች፤ ምንም የለም። ሱቁን ዘግታ ሰፈር ለሰፈር ዞረች። ሦስት ቤት ገብታ፣ «ስኳሩ ጉንዳን ሳይኖረው አይቀርም፣ ከነወረቀቱ ልቀይርላችሁ» አለች። ሁለቱ ቤት ወረቀቱ ከሰል ማቀጣጠያ ሆኗል፤ በሦስተኛው የሰጧት የማን እንደሆነ ያልታወቀ የእንግሊዝኛ ደብተር ገጽ ነበር። የቀሩት ደንበኞች ከገጠር የመጡ ናቸው፤ ጋሪያቸው ከተማውን ለቋል።

ሙንተሃ አመሻሹ ላይ ተመለሰች።

«እማ፣ እዚህ ወረቀት ትቼ ነበር?»

ኡሙልኸይር ሚዛኗን እየወለወለች ነበር። ቀና አላለችም።

«አላየሁም» አለች።

ሙንተሃ ቦርሳዋን ገለበጠች፣ አልጋዋን አነሳች። ከዚያ ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ፣ «ባጃጅ ውስጥ ነው! ስወርድ ቸኩዬ ነበር፣ ባጃጅ ውስጥ ነው የጣልኩት!» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ቅዳሜ ባለ ካሜራው መጣ፤ ሔኖክ ድርሰቱን ገና ስላላየው የሚቀረጽ አልነበረም፤ ጠበቀ፤ ሄደ። መምህር አሸናፊ፣ «አይዞሽ፣ ሰው ነሽ» አሏት፤ ሙንተሃን የባሰ ያስለቀሳት ይህ ነበር። ኡሙልኸይር ያን ቀን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ከመጨረሻዋ ገጽ በቀር አሥራ ስምንተኛውን ክፍል ከ«እንደምን አደርሽ» ጀምሮ ቃል በቃል ታውቀዋለች። ገብታ፣ «ተቀመጡ፣ እኔ ልንገራችሁ» ማለት ትችል ነበር። አፏን ከፈተች። ብዕር አቀብለው፣ «እንግዲያው ይጻፉልን» ቢሏትስ? «አላየሁም» ያለችውስ? ዘወር ብላ ወደ ሱቋ ተመለሰች።

ከዚያ ድርሰቱ እንደገና ሳይጻፍ የብሔራዊ ፈተናው መጣ፤ ጣቢያው ሌላ ፕሮግራም ተካ፤ ሙንተሃ ደን ሳይንስ ልትማር ሩቅ ሄደች። ቴሌቪዥኑ ወደ ሳሎን ተመለሰ። ሙንተሃ ለእረፍት በመጣች ቁጥር ግን የሰፈሩ ልጆች በመንገድ ላይ እየተከተሉ፣ «ለምለም! ዛፉ ተቆረጠ?» ይሏት ነበር። እሷም ፈገግ ትልና እርምጃዋን ታፈጥናለች። ኡሙልኸይር ያችን ፈጣን እርምጃ ከሱቋ ሆና ታያለች።

*

አምና ኡሙልኸይር ሳይመሽ አሥር ሰዓት ላይ በሚሰጠው የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገበች። ለሰው፣ «የስልክ መልእክት ማንበብ አቃተኝ» ትላለች። የምታስተምራቸው ታቢታ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ሴቶቹን ሁሉ «እናታችን» ትላቸዋለች። ኡሙልኸይር በስምንተኛው ወር፣ ከልብስ ሳጥኗ ሥር በሻሽ ጠቅልላ ያኖረቻትን አንዲት ወረቀት አወጣች። ከሀዋ እጅ የመለሰቻት ናት። ሚጥሚጣው ዳርዋን አቅልቶታል። አንድ ከሰዓት ሙሉ ፈጀባት፤ አነበበቻት። «አባት፦ ይህን መጥረቢያ ማን ደበቀው? ለምለም፦ እኔ አይደለሁም አባዬ፣ ራሱ አፍሮ ተደብቆ ይሆናል።» ልክ ጆሮዋ እንደያዘው ነበር፤ አንድ ቃል አልተዛነፈም። ወረቀቱን መልሳ ጠቀለለችው። ለማን እንደምታሳየው አታውቅም ነበር።

በዚህ መሃል ባለፈው ማክሰኞ ሙንተሃ ሥራ ከያዘችበት ከጎባ ደወለች። ድምፅዋ ልክ አልነበረም።

«መምህር አሸናፊ ጡረታ ሊወጡ ነው። ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ ይሸኛቸዋል።»

«ታዲያ ትመጫለሻ!»

«ሔኖክ ደውሎ፣ የለምለምን መጨረሻ ግቢው ውስጥ ባለው ዋርካ ሥር እንሥራላቸው አለኝ። ድርሰቱ ደግሞ የለም። እሳቸውንም በዘዴ ጠይቋቸው ነበር፣ ከመጨረሻው በቀር ረስቼዋለሁ አሉ። እኔም የማስታውሰው ያችኑ መጨረሻዋን ነው።»

«ባይሠራስ? ዝም ብለሽ ነይ።»

«በምን ዓይኔ ነው የማያቸው እማ? የጣልኩት እኔ። ሁሉም ተሰብስበው፣ ያቺ ክፍል ኖራ ቢሆን እያሉ... አልመጣም።»

ኡሙልኸይር ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። ልጅቷ የምትወዳቸውን መምህሯን ሳትሰናበት ልትቀር ነው፤ ባልጣለችው ወረቀት።

«ዓርብ እኔ ዘንድ ነይ» አለች።

«ለምን?»

«በርበሬ ገብቶልኛል። ቀንጣሽ አጣሁ።»

ሙንተሃ ሳይታሰባት ሳቀች። «እመጣለሁ። ግን ትምህርት ቤቱ አልሄድም።»

ያን ቀን ኡሙልኸይር ባለ ሃምሳ ገጽ ደብተር ከመደርደሪያዋ አወረደች። ተቀምጣ ብዕር ስትይዝ አንዲት ቃል አልመጣላትም። ግራ ገባት፤ ላብ አጠመቃት። ኋላ ላይ በርበሬውን ፊቷ ዘርግታ መቀንጠስ ስትጀምር አባትየው ከጉሮሮዋ ወጣ፦ «እንደምን አደርሽ ለምለም፣ ዛሬ የመጨረሻሽ ነው።» ለካ ያጠናችው በእጇ ጭምር ኖሯል! ከዚያ ወዲህ አንድ ዛላ ትቀነጥሳለች፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ትላለች፣ እጇን ጠርጋ ትጽፋለች። በረሳች ጊዜ በዚያው እጅ ዓይኗን ታሻለች። ያኔ ሱቁን ትታ ወደ ቧንቧ ትሮጣለች።

ረቡዕ ከትምህርት ስትቀር ታቢታ ልትጠይቃት መጣች። ቀይ አሻራ ያረፈበትን ደብተር አየች፤ የዓይኗንም መቅላት አየች።

«እናታችን፣ ምን ሆነው ነው?»

ኡሙልኸይር ለማንም ያልተናገረችውን ነገረቻት። ታቢታ ዱካውን ስባ ተቀመጠችና ስልኳን አወጣች።

«እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ልጻፈው። በአንድ ሰዓት ያልቃል።»

«አይሆንም ልጄ።»

«ዓርብ እኮ ከነገ ወዲያ ነው!»

«ያጠፋው ይኸው እጄ ነው» አለች ኡሙልኸይር። «እሱው ይክፈል።»

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አለቀ። ሃያ ሁለት ገጽ ሞላ። ከሥሩ አንድ ገጽ ባዶ ተወች፤ ለማታውቀው መጨረሻ። ከባዶው ቀጥሎ ደግሞ ከድርሰቱ ያልሆነ ነገር ጻፈች። ከሁሉም የከበዳት እሱ ነው። «ሙንተሃ ልጄ። ወረቀቱ ባጃጅ ውስጥ አልወደቀም። እኔ ጠቀለልኩበት። አላየሁም ያልኩሽ ውሸት ነው። እናትሽ ኡሙልኸይር።»

ሙንተሃ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰች። ጫማዋ ላይ የባሌ ጭቃ ነበር፤ ፀጉሯ ውስጥ ግን ምንም የለም፤ አሁን ትልቅ ሰው ናት። እናቷን ሳመች፣ ዱካ ስባ ተቀመጠች፣ እጇን ወደ በርበሬው ሰደደች። ኡሙልኸይር ደብተሩን ጭኗ ላይ አኖረችላት። ውስጡ ሚጥሚጣ የነካት ወረቀት ነበረች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«አንብቢው። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ሙንተሃ በመጀመሪያው ገጽ ፈገግ አለች። በሁለተኛው ላይ ፊቷ ተለወጠ። አረንጓዴዋን ቅጠል ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ገጾቹን እያገላበጠች ሄዳ መጨረሻው ላይ ቆመች። ኡሙልኸይር በርበሬውን አተኩራ ታያለች።

«ስምንት ዓመት» አለች ሙንተሃ።

«ስምንት ዓመት።»

«እማ፣ እኔ እስከ ዛሬ ባጃጅ በተሳፈርኩ ቁጥር ከወንበሩ ሥር አያለሁ! ይገባሻል? የየትኛውም ከተማ ባጃጅ ቢሆን፣ ጎባም፣ ሻሸመኔም። ጎንበስ ብዬ አያለሁ።»

ሙንተሃ ተነስታ ወጣች። ወደ ታቦር ተራራ በሚወስደው መንገድ ስትሄድ እናቷ ከሱቁ ሆና አየቻት፤ ያቺ ፈጣን እርምጃ ናት። ሀዋ ጨው ልትገዛ መጥታ፣ «ልጅሽ ምን ሆነች?» አለች። «ጥፋቴን ነገርኳት» አለች ኡሙልኸይር። ሀዋ ጨውዋን ረስታ ሄደች።

ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ስታዘቀዝቅ ሙንተሃ ተመለሰች። ዱካው ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል፤ ፀጉሯ ላይ አንዲት ደረቅ ቅጠል ተሰክታ ነበር። ኡሙልኸይር እጇን ልትሰድ ብላ ተወችው።

«ለምን ያን ጊዜ አልነገርሽኝም?»

«መምህር መስዬያቸው ነበር» አለች ኡሙልኸይር። «ለጓደኞችሽም፣ ለመምህርሽም። አንቺንም ያኮራሽ መሰለኝ። ፊደል የማታውቅ ሴት ድርሰቱን ጠቀለለችበት ከሚሉሽ... ፈራሁ። ለራሴ ፈራሁ።»

«እኔ ያኮራኝ እኮ ሳታነቢ ማወቅሽ ነበር።»

ቆይታ ሙንተሃ ወረቀቷን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና አስነጠሳት።

«ሚጥሚጣ?»

«ሚጥሚጣ። ሩብ።»

«ሌሎቹስ?»

«ሽሮ፣ ስኳር... አንዱ ገጽ ላይ ጨው ነበር። አባትየው በፍየሏ የሚቆጡበት ሳይሆን አይቀርም።»

ሙንተሃ ልትስቅ አልፈለገችም፤ ከንፈሯን ነከሰች፣ አልሆነላትም። ሳቋ ለቅሶም ነበረበት። ከዚያ ደብተሩን ባዶው ገጽ ላይ ከፍታ ለእናቷ መለሰችላት።

«ያዢ። እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ጻፊ።»

«አንቺ ብትጽፊው አይፈጥንም?»

«አንቺ የጀመርሽው ነው።»

ሙንተሃ እየተናገረች፣ እየጠበቀች፣ ኡሙልኸይር እየጻፈች፣ የስምንት ዓመቱ መጨረሻ በእጇ ፍጥነት ቀስ እያለ መጣላት። አቶ ጉልላት መጥረቢያውን ይዘው ዋርካው ሥር ይደርሳሉ። ፀሐይ ነው፤ «አምስት ደቂቃ ብቻ ልረፍ» ብለው ጥላው ሥር ጋደም ይላሉ፤ ያንኮራፋሉ። ለምለም አጠገባቸው ቁጭ ትላለች። የተኙ መስሏት በልጅነቷ በዚያ ጥላ ሥር መራመድ እንዳስተማሯት፣ ያኔ እሳቸውም ወፎቹን በስም ይጠሯቸው እንደነበር ትነግራቸዋለች። «ዛፉን ብቻ አይደለም የማስቀረው አባዬ፣ ያን ጊዜ የነበርከውን አንተንም ነው።» አቶ ጉልላት ዓይናቸውን ሳይገልጡ፦

«መጥረቢያውን ለባለቤቱ መልሺለት» አለች ሙንተሃ።

ኡሙልኸይር ብዕሯ ቆመ። «አልተኙም ነበር?»

«አልተኙም ነበር። ጻፊ እማ።»

*

ቅዳሜ ሙንተሃ እናቷን ይዛ ትምህርት ቤት ገባች። ግቢው ሞልቷል። መምህር አሸናፊ ከዋርካው ሥር በነጭ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ፀጉራቸው እንዳለ ነጥቷል። ሙንተሃ ልትናገር ስትል ኡሙልኸይር ቀደመቻት።

«መምህር፣ ያን ድርሰት የጣለችው እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ። ሸቀጥ ጠቀለልኩበት። መምህር መስዬዎት ነበር፤ ያኔ ፊደል አላውቅም ነበር።»

መምህር አሸናፊ ደብተሩን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አገላበጡት። ቀይ አሻራዎቹ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«የትኛውን ሸቀጥ?»

«መቼም ሁሉንም ነው። አንዷ ገጽ ላይ ሚጥሚጣ።»

«ድርሰትህ ቅመም ያንሰዋል ሲሉኝ ለኖሩት ሰዎች አንድ ሰው ይንገርልኝ» አሉ። ከዚያ ሙንተሃን ወደ ራሳቸው ስበው ግንባሯን ሳሟት፤ ቆይተው ነው የለቀቋት።

ሔኖክ አሁን እውነተኛ ጢም አለው፤ የሁለት ልጆች አባት ነው። ቢሆንም ጢሙ ላይ ከሰል ደርቦበት መጣ። ሙንተሃ በስልክ ልካለት ድርሰቱን ያጠናው አንድ ማለዳ ብቻ ስለነበር መሃል ላይ ቀጥ አለ። መጥረቢያውን እንደያዘ ሰማይ ሰማይ አየ። ያኔ ከመጀመሪያው ረድፍ አንድ ወፍራም ድምፅ፣ «ይህን መጥረቢያ ማን ደበቀው?» አለ። ኡሙልኸይር አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ግን ዘግይታለች። ሔኖክ፣ «ኧረ ዋናው አባት እዚህ አሉ!» ሲል ሰው ሁሉ በሳቅ አለቀ። ለምለም መጥረቢያውን ለባለቤቱ ልትመልስ ስትነሳ ከአጥሩ ወዲያ የቆመ አንድ ባጃጅ ነጂ፣ ድሮ በለስላሳ ሳጥን ላይ ይቀመጥ የነበረ ይመስላል፣ «ሳይቆረጥ ቀረ! ብዬ ነበር!» ብሎ ጡሩምባውን ነፋ።

ወደ ቤት የተመለሱት በዚያው ልጅ ባጃጅ ነው። ደብተሩ ከመምህር አሸናፊ ጋር ቀርቷል። ሙንተሃ ገና ከመቀመጧ ጎንበስ ብላ ከወንበሩ ሥር አየች።

«ምን ጠፋብሽ?» አለች ኡሙልኸይር።

ሙንተሃ ቀና አለች። «ምንም። ልማድ ነው።»

ኡሙልኸይር ቀስ ብላ፣ ጉልበቷን እየያዘች፣ እሷም ጎንበስ ብላ አየች። ከወንበሩ ሥር አቧራና አንዲት የከረሜላ ልጣጭ ነበሩ። ልጣጯን አነሳቻት፣ መነጽሯን አጠለቀች፣ ባጃጁ እየተንገጫገጨ ወደ ታቦር ሲወጣ በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች።